ተጨማሪ መረጃ፦ ጅብ በተረት ሲታለል

ከደጀን ደብረ ማርቆስ መንገድ ላይ ባለችው ሉማሜ አካባቢ ሲመሽ ጅብ ይጮኻል። ከምድጃው ዳር ግን «ተረት ተረት» ሲሉት «የላም በረት» ብሎ የሚመልሰው ሕፃን፣ ያው ጅብ በጦጣ ሲታለል ሰምቶ በሣቅ ይፈርሳል። የሚያስፈራው አውሬ ሆዳምና ሞኝ ሆኖ ሲቀርብለት፣ ፍርሃቱን ከእናቱ ጉያ ሳይወጣ ይለማመደዋል። ጦጣዋም እንደ እሱ ትንሽ ናት፤ ጉልበት ባይኖራት ብልሃት አላት።

በእንስሳ ልጆችን ማስተማር በምድጃ ዳር ተረት ብቻ አልቀረም፤ በ1998 ዓ.ም. የተጀመረው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተሰኘው የልጆች ፕሮግራም ዋና ገጸ ባሕርይም ቀጭኔ ናት።

ከእንስሳት ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ግን እገዛ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣ የቶሮንቶ ጥናት፣ ስለ ማካፈል የሚያወራ ታሪክ ከተነበበላቸው ከ4 እስከ 6 ዓመት ልጆች ይበልጥ ያካፈሉት ባለታሪኮቹ እንስሳት ሳይሆኑ ሰዎች የነበሩላቸው ናቸው። ስለዚህ ተረቱ እንዳለቀ «አንተስ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ደግ ነው።