ሐዲድ ዳር የቆመ ካሜራ፤ የሚያታልለውና የማያታልለው

ከቺካጎ ወደ ምዕራብ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ሮሼል፣ የኢሊኖይ ትንሽ ከተማ፣ የሁለት ግዙፍ ኩባንያዎች ሐዲዶች መሬት ላይ ይቋረጣሉ። የዩኒየን ፓሲፊክና የቢኤንኤስኤፍ የጭነት ባቡሮች በተራ በተራ ያልፉበታል። እ.ኤ.አ. በ1998 ከተማዋ መስቀለኛው አጠገብ ለባቡር ተመልካቾች መናፈሻ ከፈተች። ዛሬ እዚያ መድረስ ለማይችል ሰው ካሜራው ሌት ተቀን ይሠራል። በእኛ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን እዚያ ቀትር ገደማ ስለሆነ፣ አዲስ አበባ ላይ ራቱን የበላ ሰው ስልኩን ከፍቶ በጠራራ ፀሐይ የሚያልፍ ባቡር ማየት ይችላል።

አብዛኛው ሰው የሚያየው ደስ ስለሚለው ነው። ካሜራው ግን መለኪያም ይሆናል፤ የቱን እንደሚያዛባና የቱን እንደማያዛባ ለይቶ ለሚያውቅ።

የባቡሩን መምጣት ቀድሞ የሚናገረው የምልክት መብራቱ ነው። በብዙ የአሜሪካ መስመሮች ይህ መብራት ባቡር እስኪቃረብ ጠፍቶ ይቆያል። ከጀርባው ያለው ዘዴ አሜሪካዊው ዊሊያም ሮቢንሰን እ.ኤ.አ. በ1872 የፈጠረው ነው። ሐዲዱ በክፍል በክፍል ይለይና በሁለቱ ብረቶች ላይ ደካማ የኤሌክትሪክ ጅረት ይለቀቃል፤ ጅረቱ በክፍሉ ጫፍ ያለውን ኤሌክትሮማግኔት ሥራ ላይ ያቆየዋል። ባቡር ሲገባ መንኮራኩሮቹና አክስሉ ሁለቱን ሐዲዶች ያገናኛሉ፤ ጅረቱም በአቋራጭ ስለሚመለስ ኤሌክትሮማግኔቱ የያዘውን ይለቃል። መልቀቁ «መስመሩ ተይዟል» ማለት ነው። የዘዴው ብልሃት የሚገባን ነገር ሲበላሽ ነው፤ ሐዲድ ቢሰበር፣ ሽቦ ቢቆረጥ፣ ባትሪ ቢያልቅ ጅረቱ ይጠፋና ምልክቱ ያው «ተይዟል» ይላል። ብልሽቱ ባቡር ያስቆማል እንጂ አያጋጭም።

መብራቱ በራ እንበል። ባቡሩ አሁን የት ነው? የካሜራው የመጀመሪያ ማታለል እዚህ ላይ ነው። «ቀጥታ» የምንለው ምስል የጥቂት ሰከንድ ርዝመት ባላቸው ቁራጮች እየተከፋፈለ ይላካል፤ ስልካችንም ምስሉ እንዳይቆራረጥ ጥቂቶቹን ሳያሳየን ያጠራቅማል። መዘግየቱ 20 ሰከንድ ቢሆን፣ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚከንፍ ባቡር በዚያ ጊዜ ከ440 ሜትር በላይ ይሄዳል። ካሜራው ፊት የደረሰ የመሰለን ሎኮሞቲቭ ካለፈ ቆይቷል።

ሁለተኛው ማታለል በጥራቱ ላይ ነው። ቪዲዮ የሚላከው እያንዳንዱ ምስል ሙሉ በሙሉ እየተገለበጠ አይደለም፤ በአብዛኛው ከቀደመው ምስል የተለወጠው ብቻ ነው የሚላከው። ባዶ ሐዲድና ጠጠር ስለማይንቀሳቀሱ እጅግ ትንሽ ዳታ ይበቃቸዋል። ባቡሩ ሲገባ ግን የምስሉ ትልቁ ክፍል በአንድ ጊዜ ይለወጣል። ላኪው የተመደበለት የዳታ መጠን ስለማይበቃው ዝርዝሩን ይቀንሳል። ለዚህ ነው ለሰዓታት ጥርት ብሎ የቆየው ምስል ባቡሩ ሲመጣ ካሬ ካሬ እየሆነ የሚፈርሰው።

ፍጥነት ግን ከእነዚህ ሁለት ማታለሎች ነፃ ነው። መዘግየቱ መነሻውንም መድረሻውንም እኩል ስለሚገፋቸው በመካከላቸው ያለው ጊዜ አይለወጥም። ሐዲዱ አጠገብ ያለ አንድ ምሰሶ እንምረጥ። ባለ 6 አክስል የአሜሪካ የጭነት ሎኮሞቲቭ ርዝመቱ 22 ሜትር ገደማ ነው። አንዱ ምሰሶውን በ1 ሰከንድ ካለፈ ፍጥነቱ በሰከንድ 22 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይሆናል። ሰዓት መቁጠሪያውን የሚጫነው ጣታችን መዘግየቱ አንድ ሰከንድን ለመለካት አደገኛ ነው፤ ሦስት ሎኮሞቲቮች ተቀጣጥለው ሲያልፉ አንድ ላይ ብንለካቸው ግን ያው የጣት ስህተት ለሦስት ይከፈላል።

ውጤቱን በጆሮም ማረጋገጥ ይቻላል። በአሜሪካ ደንብ ባቡር የመኪና መንገድ ላይ ከመድረሱ ከ15 እስከ 20 ሰከንድ ቀድሞ ጡሩንባ ይነፋል፤ ሁለት ረጅም፣ አንድ አጭር፣ ከዚያ አንድ ረጅም። የሚቀርብ ባቡር ድምፅ ይቀጥናል፤ የሚርቀው ይወፍራል። የፊዚክስ ሊቁ ክርስቲያን ዶፕለር ይህን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1842 ካቀረበ በኋላ ሆላንዳዊው በይስ ባሎት እ.ኤ.አ. በ1845 ዩትሬክት አካባቢ መለከት ነፊዎችን ባቡር ላይ ጭኖ፣ ሐዲድ ዳር በቆሙ ሙዚቀኞች ጆሮ ፈትኖታል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባቡር ድምፅ ሲመጣና ሲሄድ ያለው የድግግሞሽ ልዩነት 14 በመቶ ያህል ነው፤ ለተራ ጆሮ በግልጽ ይሰማል። ባቡሩ ከካሜራው ፊት ለፊት ሲሆን ግን መቅረቡም መራቁም ስለሚቆም፣ ማወዳደር ያለብን ከሩቅ ሲመጣና ርቆ ሲሄድ ያለውን ድምፅ ነው።

የቀረው ሦስተኛው ማታለል ነው። የፉርጎውን ኩሽኔታ ከውጭ የሚዘጋው ክዳን 3 ብሎኖች አሉት፤ ከመንኮራኩሩ ጋር አብረው ይዞራሉ። ካሜራው በሰከንድ 30 ምስል የሚያነሳ፣ መንኮራኩሩም 91 ሴንቲ ሜትር ዲያሜትር ያለው ከሆነ፣ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ላይ ብሎኖቹ ከአንድ ምስል እስከ ቀጣዩ 93 ዲግሪ ይዞራሉ። ሦስቱም አንድ ዓይነት ስለሆኑና በ120 ዲግሪ ስለሚራራቁ፣ ዓይናችን አንዱን ብሎን ከሌላው ለይቶ መከተል አይችልም። ስለዚህ 93 ወደ ፊት ከሚል ይልቅ 27 ወደ ኋላ ብሎ ያነበዋል፤ ባቡሩ ወደ ፊት እየሄደ ብሎኖቹ ወደ ኋላ ይዞራሉ። ይህ ከ52 ኪሎ ሜትር ገደማ ጀምሮ ይታያል፤ 103 አካባቢ ሲደርስ ብሎኖቹ ቀጥ ብለው ይቆማሉ።

እንግዲህ ይህኛው ማታለል ደንብ አለው፤ ደንብ ያለው ማታለል ደግሞ ይጠቅማል። በምሰሶው የለካነው 80 ከሆነ፣ በጡሩንባው መምጣትና መሄድ መካከል ያለው ልዩነት 14 በመቶ ከሆነ፣ ብሎኖቹም ወደ ኋላ ከዞሩ ሦስቱ ምስክሮች ተስማምተዋል። ብሎኖቹ ቆመው ከታዩ ግን ወይ ሎኮሞቲቮቹን ስንቆጥር ተሳስተናል፣ ወይ ካሜራው በሰከንድ የሚያነሳው 30 ምስል አይደለም።