የጀርባ አጥንት ስብራት እንዴት ይታከማል?

ብዙ አረጋውያን ጀርባቸውን ሲያማቸው «እርጅና ነው» ብለው ችለው ይቀመጣሉ። ነገር ግን አጥንት ሲሳሳ፣ ዕቃ በማንሣት ብቻ እንኳ የአከርካሪ አጥንት ሊሰበር ይችላል። ድንገተኛ የጀርባ ሕመም፣ የቁመት ማጠር ወይም መጉበጥ ከታየ ወደ ቁፓት ሆሊም ሄዶ ለቤተሰብ ሐኪም መንገር ያስፈልጋል። ለሐኪም ሕመምን መናገር ነውር አይደለም።

ሕክምናው ምንድን ነው?

አብዛኛው ስብራት ያለ ቀዶ ሕክምና ይድናል። ሐኪሙ የሕመም ማስታገሻ፣ አንዳንድ ጊዜም የጀርባ መደገፊያ ቀበቶ ያዛል። ሕመሙ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ይቀንሳል። ለረጅም ጊዜ መተኛት አጥንትንና ጡንቻን ያዳክማል፤ ሕመሙ ሲታገስ ቀስ እያሉ መራመድ ይገባል።

ሕመሙ አልታገስ ካለ፣ በተሰበረው አጥንት ውስጥ በመርፌ የአጥንት ሲሚንቶ ማስገባት ይቻላል። ሆኖም በ2009 የታተሙ ሁለት ጥናቶች ይህ ሕክምና ከማስመሰያ ሕክምና የተሻለ ሆኖ እንዳልተገኘ ገልጸዋል። ስለዚህ ጥቅሙንና ጉዳቱን አስቀድማችሁ ሐኪሙን ጠይቁ። ቀዶ ሕክምና በአብዛኛው የሚደረገው አጥንቱ ነርቭ ሲጫን ወይም አልረጋ ሲል ነው።

ከዚያ በኋላስ?

ስብራቱ ቢድንም የሳሳው አጥንት ካልታከመ ሌላው ሊሰበር ይችላል። ስለ አጥንት ጥንካሬ ምርመራ፣ ስለ መድኃኒት፣ ስለ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ጠይቁ። ጥቁር ቆዳ ቫይታሚን ዲ ለማዘጋጀት ረዘም ያለ ፀሐይ ይፈልጋል፤ ቤት ለሚውሉ አረጋውያን እጥረቱ ይብሳል።

ማስጠንቀቂያ፦ እግር ከደነዘዘ ወይም ከዛለ፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ፣ ሳትዘገዩ ወደ 101 ደውሉ።