የመነሻው ዕጣና የሜዳው መሬት

በእንግሊዝ አገር ቼስተር በምትባል ከተማ የፈረስ መሽቀዳደሚያ ሜዳ አለ። ሜዳው ወደ ክብ የቀረበ ነው፤ ፈረሶቹም ወደ ግራ እየዞሩ ይሮጣሉ። በአጭሩ ሩጫ፥ ይኸውም በ1000 ሜትር ያህል፥ እያንዳንዱ ፈረስ ከጠባብ የመነሻ ጋጥ ይነሣል፤ የጋጡም ቍጥር በዕጣ ይወጣል። 1 ቍጥር የደረሰው ፈረስ በውስጠኛው አጥር አጠገብ ስለሚነሣ መንገዱ ያጥርለታል፤ በግማሽ ክብ ላይ 1 ሜትር ወደ ውጭ ርቆ የሚዞር ፈረስ 3 ሜትር ያህል ጨምሮ ይሮጣልና። ሩጫውም በ1 ደቂቃ ያህል ስለሚፈጸም የጐደለውን ለመመለስ ጊዜ አይገኝም።

ነገር ግን ዕጣ ብቻውን አይፈርድም። መሬቱ ደረቅና ጽኑ በሆነ ጊዜ ውስጠኛው መንገድ ይጠቅማል። ዝናም በዘነመ ጊዜ ግን ብዙ ፈረስ የረገጠው የአጥሩ ዳር ሊቦካ ይችላል፤ ኮቴ ይሰምጣል፥ ጕልበትም ይደክማል። ያን ጊዜ ብልህ ጋላቢ የመንገዱን ርዝመት ታግሦ፥ ሣሩ ብዙ ወዳልተረገጠበት ወደ ውጭ ያወጣል። አጭር መንገድ ሁልጊዜ ፈጣን መንገድ አይደለምና። የሜዳው ጠባቂዎችም አንዳንድ ጊዜ አጥሩን ወደ ውጭ አዛውረው የተረገጠውን ሣር ያሳርፋሉ።

እንግዲህ ፈረሱ አንድ ጊዜ ቢቀደም ሰነፍ ነው ብሎ በርካሽ የሚሸጥ ባለቤት፥ ከየትኛው ጋጥ እንደ ተነሣና በምን መሬት ላይ እንደ ሮጠ ካልመረመረ፥ መልካሙን ፈረስ ለሌላ አሳልፎ ይሰጣል። በሰውም ላይ እንዲሁ ነው፤ የቆመበትን መሬት ሳያይ ወንድሙን ሰነፍ የሚል ሰው ፍርዱ ጐደሎ ነው።