የብስክሌት የኋላ ጎማ ለምን ይላላል?

አህያ ስታነክስ ጭነቷን አውርደን እግሯን እናያለን። እሾህ ወግቷት ይሆናል። ድንጋይ ተሰንቅሮባት ይሆናል። ምክንያቱን ሳናውቅ በዱላ ብንነዳት ጥቂት ትራመዳለች እንጂ አትድንም። ብስክሌትም እንዲሁ ነው። የኋላ ጎማው ዛሬ ጠብቆ ነገ የሚላላ ከሆነ፣ ደጋግሞ ማጥበቅ ብቻውን አይበጅም። ምን እንዳላላው መፈለግ ያስፈልጋል።

ብስክሌት፣ በተለምዶ ሳይክል የምንለው፣ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትካፈል፣ ወደ ሜልቦርን ከላከቻቸው ስፖርተኞች መካከል እንደ ገረመው ደንቦባ ያሉ ብስክሌት ጋላቢዎች ነበሩ። ባሕር ዳርም የብስክሌት ከተማ እየተባለች ትታወቃለች። ምድሯ ሜዳ ስለሆነ ለፔዳል ይመቻል። ከሰቆጣ ወደ ሰሃላ፣ ወደ ተከዜ ሸለቆ የሚወርደው አገር ግን ሌላ ነው። ዳገትና ቁልቁለት፣ ኮረትና አቧራ ይበዛበታል። በሜዳ መንገድ ብዙ ጊዜ የሚቆይ ዳዶ፣ በኮረት ላይ ሲንቀጠቀጥ ቶሎ ይላላል። ታዲያ በቁልቁለት መካከል ጎማው ከቦታው ቢንሸራተት፣ ከቴላዮው ጋር ይጋጭና ቀጥ ይላል። ጋላቢው ይወድቃል፤ ጭነቱም ይበተናል። ስለዚህ ነገሩ የገንዘብ ብቻ ሳይሆን የሕይወትም ጉዳይ ነው።

የኋላው ጎማ እንዴት ታስሯል?

በጎማው እምብርት ውስጥ አንድ የብረት ዘንግ ያልፋል። ስሙ ፐርኖ ነው። ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። እንደ ብሎን ጥርስ አለው። ጎማው ሲዞር ፐርኖው አብሮ አይዞርም፤ ባለበት ይቆማል። በመካከላቸው ክብ የብረት ጠጠሮች አሉ። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ጎን 9፣ በጠቅላላው 18 ናቸው። ጎማው የሚንከባለለው በእነሱ ላይ ነው።

በፐርኖው ላይ ሁለት ዓይነት ማሰሪያ አለ።

አንደኛው የውስጥ ማሰሪያ ነው። ኮኖ የሚባል አፉ የሾጠጠ ዳዶ ጠጠሮቹን ደግፎ ይይዛል። ከኮኖው ቀጥሎ አንድ ቀጭን ዳዶ አለ። ሥራው ኮኖው እንዳይዞር መቆለፍ ነው።

ሁለተኛው የውጭ ማሰሪያ ነው። የፐርኖው ሁለት ጫፎች በቴላዮው፣ ማለት በብስክሌቱ አጥንት፣ ቀዳዳ ውስጥ ይገባሉ። ከውጭ በኩል ትልልቅ ዳዶዎች ያጠብቋቸዋል።

የላላው የትኛው ነው?

ብስክሌቱን ገልብጡና በኮርቻውና በመሪው አቁሙት። ቸርኬውን ይዛችሁ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ነቅንቁ። ዓይናችሁ ግን ፐርኖው ላይ ይሁን። ፐርኖው በቴላዮው ቀዳዳ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ከሆነ፣ የላላው የውጭው ዳዶ ነው። ፐርኖው ቀጥ ብሎ ቆሞ ጎማው ብቻ ቋ ቋ እያለ የሚነቃነቅ ከሆነ፣ የላላው የውስጡ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የውስጡ ላልቶ ሳለ የውጭውን በኃይል ያጠብቃል። የዳዶው ጥርስ ይበላል፤ ጎማው ግን መነቃነቁን አይተውም።

የውጭው ዳዶ ሲላላ

1. ዳዶውን ፈትታችሁ ጥርሱን ተመልከቱ። የተበላ ከሆነ በአዲስ ለውጡት። የፐርኖውም ጥርስ ከተበላ ፐርኖውም ይለወጥ። የተበላ ጥርስ ቢያጠብቁት አይይዝም።

2. ቴላዮው ዳዶው የሚያርፍበትን ቦታ በጨርቅ ጥረጉ። ጭቃ፣ ዘይትና የተላጠ ቀለም እንዳይኖር። ብረት ብረትን ካልነካ አጥብቆ አይይዝም።

3. በዳዶውና በቴላዮው መካከል ሮንዴላ አስገቡ። ፊቱ ሻካራ ወይም ጥርስ ያለው ቢሆን ይመረጣል። ለስላሳው ይንሸራተታል።

4. ጎማው በቴላዮው መካከል መሆኑን አይታችሁ ግራና ቀኙን በየተራ ጥቂት በጥቂት አጥብቁ። ለአብዛኛው ብስክሌት 15 ቁጥር መፍቻ ይበቃል። ሰንሰለቱ ባለበት በቀኝ በኩል በደንብ ይጥበቅ። ፔዳሉን በረገጥን ቁጥር ሰንሰለቱ ጎማውን በዚያ በኩል ወደ ፊት ይጎትታልና።

የውስጡ ሲላላ

ለዚህ ሥራ አንድ መፍቻ አይበቃም። ሁለት ያስፈልጋል፤ ለኮኖው ቀጭን መፍቻ መሆን አለበት።

መጀመሪያ ጎማውን አውጡ። ከሥሩ ጨርቅ አንጥፉ፤ ጠጠሮቹ እንዳይጠፉ። በግራ በኩል ኮኖውን በአንዱ መፍቻ ይዛችሁ ቀጭኑን ዳዶ በሌላው ፍቱ። ጠጠሮቹን በነጭ ጋዝ አጥባችሁ አድርቁ። የተሰነጠቀ ወይም የተቦረቦረ ካለ ሁሉንም ለውጡ። ከዚያ አዲስ ግሪስ ቀብታችሁ ቁጥራቸው ሳይጎድል መልሱ።

ኮኖውን በእጅ አዙሩት። ጎማው መነቃነቁን ሲተው ግን ሳይከብደው ሲዞር ያን ጊዜ አቁሙ። አሁን ኮኖውን በአንዱ መፍቻ ሳታንቀሳቅሱ ያዙ፤ ቀጭኑን ዳዶ በሌላው መፍቻ ወደ ኮኖው ግፉና አጥብቁ። ሁለቱ ዳዶዎች ግንባር ለግንባር እንደሚገፋፉ ሁለት በሬዎች ይሆናሉ። አንዱ ሌላውን ስለያዘው ማንኛቸውም ንቅንቅ አይሉም። የጥገናው ቁም ነገር ይኸ ነው።

በቀኝ በኩል ያሉትንም ፈትሹ። ከጥርሳሙ መንኮራኩር ጀርባ ስለተደበቁ ብዙ ጊዜ ይረሳሉ። ግራውን ሠርተን ቀኙን ከተውን፣ ሰሞኑን ደህና የነበረው ጎማ ተመልሶ ይላላል።

ግሪስ ለምን ያስፈልጋል?

በ1969 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ፣ ወጣቶች አሮጌ ብስክሌት እየጋለቡ ከተራራ ላይ በአቧራ መንገድ ቁልቁል ይሽቀዳደሙ ጀመር። ዛሬ ማውንቴን የሚባለው የተራራ ብስክሌት መነሻው በዚያ አካባቢ ነው። ፍሬናቸው በኋላው ጎማ እምብርት ውስጥ ነበር። ታች ሲደርሱ እምብርቱ ከመጋሉ የተነሳ ግሪሱ ጨሶ ያልቅ ነበር። ስለዚህ ሁልጊዜ አዲስ ይሞሉ ነበር። መንገዱንም ሪፓክ አሉት፤ እንደገና ሙላ እንደማለት ነው።

የእኛ አብዛኛው ብስክሌት ፍሬኑ ቸርኬው ላይ ስለሆነ እምብርቱ እንዲያ አይግልም። ሆኖም አቧራ ይገባዋል። ወንዝ ስንሻገርም ውሃ ግሪሱን ያጥበዋል። ግሪስ ያጡ ጠጠሮች ኮኖውን እየያዙ ያዞሩታል። እሱ ሲዞር ማሰሪያው ይላላል። ስለዚህ ብስክሌቱ ውሃ ውስጥ ከገባ ሳይውል ሳያድር ተከፍቶ ይታይ።

ፐርኖው ራሱ ሲጣመም

ሁሉ ነገር ጠብቆ አሁንም ጎማው ቢወላገድ ፐርኖውን አውጥታችሁ በለስላሳ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አንከባልሉት። እየዘለለ ከዞረ ተጣሟል። በብዙ የተራራ ብስክሌቶች በቀኝ በኩል ጥርሳሞቹ መንኮራኩሮች ብዙ ቦታ ይወስዳሉ። በዚህ የተነሳ ጠጠሮቹ ወደ ውስጥ ይገባሉ፤ የፐርኖው ጫፍም ያለ ደጋፊ ረዝሞ ይቀራል። ከባድ ጭነት ሲጫን ወይም ጎማው ከድንጋይ ላይ ሲፈርጥ በዚያ በኩል ይጣመማል፤ ይሰበራልም። የተጣመመን ፐርኖ በመዶሻ ማቅናት ብረቱን ያደክመዋል። አሮጌውን ይዛችሁ ገበያ ሂዱ። ውፍረቱ፣ ርዝመቱና ጥርሱ ከአዲሱ ጋር ይመሳከር።

የመጥረቢያ ብረት ከዛቢያው ሲላላ ዝም ብለን አንቀጠቅጠውም፤ ዛቢያው ደርቆ እንደሆነ አይተን ሽብልቅ እንከትበታለን። ለብስክሌቱም ይኸው ልማድ ይሁን። ከጥገና በኋላ ጥቂት መንገድ ሄዳችሁ ዳዶዎቹን እንደገና ፈትሹ። ቁልቁለት ከመውረዳችሁም በፊት ወርዳችሁ ጎማውን ነቅንቁት። ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይፈጃል።

ካነበብን በኋላ እንወያይ

1. ጎማውን ስንነቀንቅ ዓይናችን ፐርኖው ላይ የሚሆነው ለምንድን ነው?
2. ኮኖውን ለመቆለፍ ሁለት መፍቻ ለምን ያስፈልጋል?
3. ግሪስ ሲያልቅ ማሰሪያው እንዴት ይላላል?
4. በቤታችሁ ደጋግሞ የሚላላ ሌላ መሣሪያ አለ? ምክንያቱ ምን ይመስላችኋል?