የሰማይ ድንጋዮችን ዱካ መከተል

አስትሮይድ ፀሐይን የሚዞር፣ ፕላኔት ለመባል መጠኑ የማይበቃ የድንጋይ ወይም የብረት አካል ነው። አብዛኞቹ አስትሮይዶች በማርስና በጁፒተር መካከል ባለው ሰፊ ቀጠና ይዞራሉ። ጥቂቶቹ ግን በጁፒተር ስበት እየተጎተቱ ከመንጋው ይወጡና ወደ ፀሐይ ይጠጋሉ። አንድ አስትሮይድ ለፀሐይ በጣም በሚቀርብበት ጊዜ ርቀቱ ከ195 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ካነሰ «ለምድር የሚቀርብ» ይባላል፤ ምድር ራሷ ከፀሐይ የምትርቀው 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ነውና። የዚህ ወገን የመጀመሪያው አስትሮይድ ኤሮስ እ.ኤ.አ. በ1898 በርሊን ላይ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ የታወቁት ብዛት 40 ሺህ አልፏል።

የእነዚህ አካላት ስባሪ በሰሜን ሸዋ ሰማይም በየዓመቱ ይታያል። በጀማ ሸለቆ አካባቢ በምትገኘው ለሚ ታኅሣሥ የአውድማ ወር ነው። እህሉን ሲጠብቅ ውጭ የሚያድር ገበሬ ታኅሣሥ 4 እና 5 ቀን ሌሊት ቀና ቢል ከሌላው ጊዜ በርከት ያሉ «ተወርዋሪ ኮከቦች» ያያል። እነዚህ ኮከቦች አይደሉም። ፌቶን የተባለ፣ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ወርድ ያለው ለምድር የሚቀርብ አስትሮይድ በመንገዱ ላይ የበተነው ብናኝ ነው። ምድር በየዓመቱ በዚያው ቀን ያንን መንገድ ስታቋርጥ ብናኙ አየር ውስጥ ገብቶ ይቃጠላል። ኮከብ የወደቀ የሚመስለው ብዙውን ጊዜ ከአሸዋ ወይም ከጠጠር ያልበለጠ ነገር ነው።

ከምልክት ወደ ምሕዋር

የሰማይ ብርሃን በአካባቢው ታሪክ ውስጥ ትልቅ ቦታ አለው። ደብረ ብርሃን ስሟን ያገኘችው በ15ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ፣ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ከሰማይ ከታየ ብርሃን እንደሆነ ይተረካል። ንጉሡ ብርሃኑን እንደ መለኮታዊ ምልክት ተቀብለው በቦታው ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ ከተማቸውንም እዚያው አደረጉ። አንዳንድ ጸሐፊዎች ይህን ብርሃን በ1456 እ.ኤ.አ. ከታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ጋር ያያይዙታል።

ጅራታም ኮከብ በረዶና አቧራ የተቀላቀለበት አካል በመሆኑ ከአስትሮይድ ይለያል፤ መንገዱ የሚታወቀው ግን በአንድ ዓይነት ዘዴ ነው። እንግሊዛዊው ኤድመንድ ሃሌይ እ.ኤ.አ. በ1531፣ በ1607 እና በ1682 የታዩትን ሦስት ጅራታም ኮከቦች መንገድ አስልቶ ሦስቱም አንድ አካል መሆናቸውን በ1705 ገለጸ። በ1758 ተመልሶ እንደሚመጣም ተነበየ። ሃሌይ ሞቶ ነበር፤ ኮከቡ ግን በተባለው ዓመት ተመለሰ። ያለ ማስጠንቀቂያ ይመጣ የነበረው ምልክት ከዚያ ወዲህ የጊዜ ሰሌዳ አገኘ፤ የሚቀጥለው መመለሻው 2061 እ.ኤ.አ. ነው። የዛሬው የአስትሮይድ ክትትልም የዚያው ሥራ ቅጥያ ነው፦ ደጋግሞ ማየት፣ የታየበትን ቦታና ሰዓት መመዝገብ፣ ከመዝገቡ መንገዱን ማስላት።

አንዲት ነጥብ እንዴት ትለያለች?

አስትሮይድ የራሱ ብርሃን የለውም፤ የሚታየው የፀሐይን ብርሃን ስለሚያንጸባርቅ ነው። በትልቅ ቴሌስኮፕ እንኳ ከሩቅ ኮከብ የማትለይ ጭላንጭል ነጥብ ሆኖ ይታያል። የሚያሳብቀው እንቅስቃሴው ነው። ታዛቢዎች አንዱን የሰማይ ክፍል በደቂቃዎች ልዩነት ሦስት ወይም አራት ጊዜ ያነሣሉ። ኮምፒውተር ምስሎቹን ደርቦ ሲያነጻጽር ኮከቦቹ ባሉበት ይጸናሉ፤ አስትሮይዱ ግን ከምስል ምስል ፈቀቅ ይላል።

ቀጥሎ የነጥቧ ቦታ በዙሪያዋ ካሉ ቦታቸው ከታወቀ ኮከቦች አንጻር ይለካል። ጥሩ ልኬት ስሕተቱ ከአንድ የቅስት ሰከንድ ያንሳል። ይህም የአንድ ብር ሳንቲም ከአምስት ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት ላይ ቆሞ ቢታይ የሚኖረውን ወርድ ያህል ነው። ልኬቱ ከትክክለኛው ሰዓት ጋር በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ወደሚገኘው የንዑሳን ፕላኔቶች ማዕከል ይላካል። ማዕከሉ አዲሱን ነጥብ ለዓለም ታዛቢዎች ያሳውቃል፤ በየአገሩ ቴሌስኮፕ ያላቸውም ነጥቡን ፈልገው የራሳቸውን ልኬት ይጨምራሉ።

ይህ ቅብብል ግድ የሚሆነው ሌሊት በሁሉም አገር አንድ ጊዜ ስለማይሆን ነው። በአሜሪካ የአሪዞና ግዛት ሌሊቱ ሲነጋ ሥራውን የሚቀበለው የሌላ አህጉር ሌሊት ነው። ከተለያየ ቦታ ማየት ሌላም ጥቅም አለው። አውራ ጣትን ዘርግቶ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ ዓይን ብቻ ቢያዩት ጣቱ ከጀርባው ካለው ግድግዳ አንጻር ቦታ የቀየረ ይመስላል። ለሚ ከእንጦጦ ተራራ በአየር መስመር ወደ ሰሜን 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። በ32 ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት የሚያልፍን አካል ሁለት ሰዎች በአንድ ቅጽበት ከእነዚህ ሁለት ቦታዎች ቢመለከቱት፣ በከዋክብቱ መካከል የሚያዩበት ቦታ የሙሉ ጨረቃን ወርድ ሩብ ያህል ይለያያል። ርቀቱ የሚሰላው ከዚህ ልዩነት ነው።

የ19 ሰዓቱ ድንጋይ

የዘዴው ዋና ፈተና የደረሰው በኢትዮጵያ ጎረቤት ነው። መስከረም 26 ቀን 2001 ዓ.ም. በአሪዞና የካታሊና የሰማይ አሰሳ ታዛቢ የነበረው ሪቻርድ ኮዋልስኪ አንዲት ፈጣን ነጥብ አየ። አራት ሜትር ያህል ወርድ የነበራት ይህች ድንጋይ 2008 ቲሲ3 ተባለች። ስሌቱ ሲደርስ ከ19 ሰዓት በኋላ በሰሜን ሱዳን በረሃ ላይ እንደምትገባ አሳየ። በዚያች አጭር ጊዜ ከ20 በላይ ታዛቢዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ልኬቶችን ላኩ። ድንጋይዋም በማግሥቱ ንጋት ላይ፣ በተባለው ሰዓትና በተባለው ቦታ ሰማይ ላይ ፈነዳች። ከመውደቁ በፊት በቴሌስኮፕ የታየ የመጀመሪያው አስትሮይድ ይህ ነው።

ከሁለት ወር በኋላ የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን በረሃውን ተሰልፈው በእግራቸው አሰሱ። ጥቋቁር ስባሪዎቹ ከበረሃው አሸዋ ተለይተው ይታዩ ነበር፤ በተከታታይ አሰሳዎች 600 ያህል ተሰበሰቡ፤ ክብደታቸው በድምሩ ከ10 ኪሎ ግራም ጥቂት ይበልጣል። በአቅራቢያው ባለ የባቡር ጣቢያ ስም «አልማሃታ ሲታ»፣ ማለትም ስድስተኛ ጣቢያ፣ ተብለው ተሰየሙ።

መቶኛው ለምን ይወጣል፣ ለምን ይወርዳል?

ታኅሣሥ 18 ቀን 2017 ዓ.ም. በቺሊ የሚገኘው የአትላስ ቴሌስኮፕ 2024 ዋይአር4 የተባለውን አስትሮይድ አገኘ። 60 ሜትር ገደማ ወርድ ያለው ይህ አካል ታኅሣሥ 13 ቀን 2025 ዓ.ም. ምድርን ሊመታ የሚችልበት ዕድል ነበረው። ሊወድቅ ይችላል የተባለበት ቀጭን መስመር ከምሥራቅ ፓስፊክ ተነሥቶ በደቡብ አሜሪካ ሰሜናዊ ክፍል፣ በአትላንቲክና በአፍሪካ አድርጎ እስከ ደቡብ እስያ ይዘልቅ ነበር። በመስመሩ ላይ ስማቸው ከተነሣው አገሮች መካከል ኢትዮጵያና ሱዳን ነበሩ። ዕድሉ ከአንድ በመቶ ተነሥቶ የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. 3.1 በመቶ ደረሰ። በቀናት ውስጥ ግን ወደ ዜሮ ተጠጋ፤ ምድርን የመምታቱ ሥጋትም ተወገደ።

ብዙ ሰው ይህን የተንታኞች መዋዠቅ አድርጎ ተረድቶታል። ነገሩ ግን ከበረት የወጣን በሬ እንደመፈለግ ነው። በሬው በወረዳው ውስጥ የት እንዳለ ካልታወቀ አንዱን ማሳ የመግባቱ ዕድል ትንሽ ነው። ዱካው ወደ አንድ ሸለቆ ሲያመራ ፍለጋው ይጠብባል፤ ማሳው እዚያው ሸለቆ ውስጥ ከሆነ የባለ ማሳው ሥጋት ይጨምራል። ዱካው ወንዙን ተሻግሮ ሲገኝ ግን ሥጋቱ በአንድ ጊዜ ይወድቃል። በሬው ሐሳቡን አልቀየረም፤ የተቀየረው የፈላጊው ዕውቀት ነው። አስትሮይዱም መንገዱን አልለወጠም፤ መቶኛው የሚለካው ስለ መንገዱ ያልታወቀውን ያህል ነው።

ክትትሉ የማይደርስበት ቦታም አለ። የካቲት 8 ቀን 2005 ዓ.ም. በሩሲያ ቼሊያቢንስክ ከተማ ላይ 20 ሜትር ገደማ ወርድ ያለው ድንጋይ ሲፈነዳ 1,500 ያህል ሰዎች ተጎዱ፤ አብዛኞቹን ያቆሰለው ከመስኮት የረገፈ መስታወት ነው። ድንጋዩ የመጣው ከፀሐይ አቅጣጫ ስለነበር አንድም ቴሌስኮፕ አላየውም። ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ወርድ ካላቸው ለምድር የሚቀርቡ አስትሮይዶች ከ95 በመቶ የሚበልጡት ታውቀዋል። አንድን ክፍለ ሀገር ማጥፋት ከሚችሉት፣ ከ140 ሜትር ከሚበልጡት ግን የተገኙት ከግማሽ በታች ናቸው።

እንጦጦና የኢትዮጵያ ሌሊት

ኢትዮጵያ ለዚህ ሥራ የሚሆን አቀማመጥ አላት። ለምድር ወገብ ስለምትቀርብ የሰሜኑንም የደቡቡንም ሰማይ ታያለች፤ ደጋዋ ከፍ ያለ ነው፤ ሌሊቷም በእስያና በአሜሪካ ሌሊቶች መካከል ይውላል። በ1996 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ካነሣቸው ሐሳቦች አንዱ የነበረው ኦብዘርቫቶሪ በእንጦጦ ተራራ ላይ፣ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተሠራ። ሁለት ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች አሉት። የዚህ መጠን ቴሌስኮፕ በሌሎች አገሮች አዲስ የተገኙ አስትሮይዶችን ተከታትሎ ለመለካት ያገለግላል።

እንጦጦ ሁለት ችግር አለበት፤ ከሥሩ የተንጣለለው የአዲስ አበባ መብራትና የክረምቱ ደመና። በዚህ ምክንያት ከከተማ ብርሃን የራቀው በላሊበላ አካባቢ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ለወደፊት ኦብዘርቫቶሪ ሲጠና ቆይቷል። ቴሌስኮፕ የሌለው ሰውም ከሥራው አይቀርም። በዓለም አቀፍ የአስትሮይድ ፍለጋ ዘመቻዎች በትልልቅ ቴሌስኮፖች የተነሡ ምስሎች ለትምህርት ቤቶች በኢንተርኔት ይላካሉ፤ ተማሪዎች ኮምፒውተር ላይ የምትንቀሳቀሰውን ነጥብ ይፈልጋሉ።

የታወቀን ማራቅ ይቻላል

የክትትሉ ጥቅም በቅድሚያ የታወቀን አስትሮይድ ማስቀየስ የሚቻል መሆኑ ነው። መስከረም 16 ቀን 2015 ዓ.ም. ለመስቀል አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ላይ፣ ዳርት የተባለችው የናሳ መንኮራኩር ሆን ብላ ዲሞርፎስን ገጨች። ዲሞርፎስ ሌላ አስትሮይድ የሚዞር፣ 160 ሜትር ገደማ ወርድ ያለው አካል ሲሆን ለምድር ሥጋት አልነበረም። ከግጭቱ በፊት ዙሩን በ11 ሰዓት ከ55 ደቂቃ ይጨርስ ነበር፤ ከግጭቱ በኋላ ዙሩ ከግማሽ ሰዓት በላይ አጠረ። ለውጡን የለኩት በምድር ያሉ ቴሌስኮፖች ናቸው። ግጭቱ ከብዙ ዓመት በፊት ከተፈጸመ ትንሽ ግፊት ይበቃል፤ ጊዜው ካጠረ ግን አይበቃም። ስለዚህ ዋናው መከላከያ ቀድሞ ማየት ነው።

ቀድሞ መታየቱ ምን ያህል እንደሚጠቅም በአፖፊስ ታይቷል። አፖፊስ 340 ሜትር ገደማ ወርድ አለው፤ በ1996 ዓ.ም. ተገኘ። በዚያው የፈረንጆች ዓመት ማብቂያ በ2029 እ.ኤ.አ. ምድርን የመምታቱ ዕድል 2.7 በመቶ ተብሎ ነበር። በኋላ ከመገኘቱ በፊት የተነሡ ምስሎች ውስጥ ራሱ ተገኝቶ ሥጋቱ ተወገደ፤ በ2021 እ.ኤ.አ. የተደረገ የራዳር ልኬትም ቢያንስ ለመቶ ዓመት ምድርን እንደማይመታ አረጋገጠ።

ይህ ድንጋይ ሚያዝያ 5 ቀን 2021 ዓ.ም. ከምድር ገጽ 32 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያልፋል፤ የዲሽ ሳህኖች የሚያነጣጥሩባቸው የቴሌቪዥን ሳተላይቶች ካሉበት ከፍታ ይልቅ ይቀርባል ማለት ነው። ዕለቱ ከፋሲካ በኋላ ያለው ዓርብ፣ ቤተ ክርስቲያን የሚባለው ቀን ነው። በአፍሪካ፣ በአውሮፓና በምዕራብ እስያ በዚያ ምሽት ያለ መሣሪያ፣ እንደ ደብዛዛ ኮከብ ሆኖ በሌሎቹ ከዋክብት መካከል ሲጓዝ ሊታይ ይችላል። ለምድር በጣም የሚቀርበው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ገደማ ነው። ሚያዝያ በሰሜን ሸዋ የበልግ ዝናብ ወር ስለሆነ ደመና ሊጋርደው ይችላል፤ ሰማዩ ከጠራ ግን ለሚ ላይ ለማየት ከከተማ መብራት ራቅ ማለት ይበቃል።