አረጋውያንን የሚረዱ የውጭ ሠራተኞች እዚህ አገር የመኖር መብታቸው እስከ ምን ድረስ ነው?

በየመናፈሻው ከአረጋውያን አጠገብ የሚቀመጡትን የውጭ አገር ሴቶችና ወንዶች ሁላችሁም ታያላችሁ። በክፍላችን ስለ እነሱ የመኖሪያ ፈቃድ ተምረን ለእናንተ ለማስረዳት ፈለግን። የዓመተ ምሕረቱ ቁጥር በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

በዕብራይስጥ ሰው ሁሉ «ፊሊፒኒት» ይላቸዋል። ከሕንድ፣ ከኔፓል፣ ከስሪላንካ ወይም ከሞልዶቫ ብትመጣም ስሟ ያው ነው! በ1988 ሥራ ላይ በዋለው ሕግ መሠረት ቢቱዋህ ሌዑሚ አረጋውያን በቤታቸው እንዲረዱ ገንዘብ ይከፍላል። ነገር ግን ሌሊትም ቀንም ከታመመ ሰው ጋር የሚያድር የአገር ሠራተኛ አይገኝም። ስለዚህ መንግሥት ከውጭ እንዲመጡ ፈቀደ።

ፈቃዱ የሚሰጠው ለ63 ወር፣ ማለት ለ5 ዓመት ከ3 ወር ነው። ከዚያ በኋላ ሠራተኛዋ ወደ ሌላ ቤት መዛወር አትችልም። የምትረዳቸው ሰው በሕይወት ካሉና መለያየቱ እንደሚጎዳቸው ባለሙያ ከጻፈ ግን ከእሳቸው ጋር እንድትቆይ ፈቃዱ ይታደስላታል። እንዲህ እያለች 10 ዓመትና ከዚያ በላይ የቆየች አለች። አረጋዊው ሲሞቱስ? ሥራዋንም፣ የምትኖርበትን ቤትም፣ እዚህ የመኖር መብቷንም አንድ ላይ ታጣለች። በልዩ ምክንያት ካልተፈቀደላት በቀር ሐዘኑ ሳይወጣላት ሻንጣዋን ማሰናዳት ነው። ዓመቱ ቢበዛም ቋሚ ነዋሪ የምትሆንበት መንገድ በሕጉ የለም።

መንግሥት የሚለው፣ የመጡት ለጊዜው ለሥራ ነው፤ ይህ አገር የአይሁድ አገር ስለሆነ የሥራ ፈቃድ የመኖሪያ በር መሆን የለበትም ነው። ይህን ሐሳብ እንረዳዋለን፤ በክፍላችንም የደገፉት ነበሩ። አብዛኞቻችን ግን አንድን ሰው እስከ መጨረሻ እስትንፋሱ የጦረ ሰው ቢያንስ ማመልከቻ ማስገባት ሊፈቀድለት ይገባል አልን። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ በሖክ ሃሽቩት ስለገባችሁ ወዲያው ዜጋ ሆናችኋል። በኋላ በሖክ ሃክኒሳ የመጡ ዘመዶቻችን ግን ወረቀት መጠበቅ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ።

በሌላ አገር ተሞክሯል። ካናዳ በ1992 በጀመረችው ፕሮግራም ከአሠሪው ቤት እያደረ 2 ዓመት የሠራ ሰው ለቋሚ ነዋሪነት ማመልከት ይችል ነበር። በ2014 ለአዲስ ገቢዎች ደንቡ ተለወጠ።

እዚህም ባጋጽ አንዳንድ ነገር ለውጧል። በ2006 ሠራተኛን ከአንድ አሠሪ ጋር ማሰር የዘመናችን ባርነት ዓይነት ነው ብሎ ፈረደ። ነገር ግን ክኔሴት በ2011 ሕጉን አሻሽሎ ሠራተኞቹ አሠሪ የሚለውጡበትን ብዛትና አካባቢ መገደብ ፈቀደ። በዚያው ዓመት ባጋጽ፣ የወለደች ሠራተኛ ከልጇ ጋር ትውጣ ወይም ልጇን ትላክ የሚለውን ደንብ ሰረዘ።

እኛን በጣም የነካን የልጆቹ ነገር ነው። በ2010 መንግሥት ወደ 1,200 ከሚሆኑ የውጭ ሠራተኞች ልጆች 800 ያህሉ ሊቀሩ ይችላሉ ብሎ ወሰነ። ዕብራይስጥ መናገርና እዚህ መማር ከመስፈርቶቹ ውስጥ ነበሩ። ለቀሪዎቹ 400 ያህል ግን በሩ አልተከፈተም። እነሱም እንደ እኛ ዕብራይስጥ እየተናገሩ፣ የእኛን በዓላት በጋን እየዘመሩ ያደጉ ናቸው።

በቤታችሁ እንዲህ ያለ ሠራተኛ ካለች ቪዛዋ መቼ እንደሚያልቅ አብራችሁ ተመልከቱ። 63ቱ ወር ሳይሞላ ከሆነ አረጋዊው ቢሞቱም ሌላ ቤት መፈለግ ትችላለች፤ ከሞላ በኋላ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ፓስፖርቷም በእሷ እጅ ይሁን፤ አሠሪ የሠራተኛን ፓስፖርት መያዙ በሕግ የተከለከለ ነው።