ያውቁ ኖሯል? ዘይት ቆዳን አያረጥብም

የፊት ዘይት ውስጥ ውኃ የለም። ሥራው በቆዳው ያለው እርጥበት እንዳይተን መክደን ነው። ደርቆ የተሰነጣጠቀ ፊት ላይ ብቻውን ቢቀቡት ያብረቀርቃል እንጂ ጥማቱን አይቆርጥም። ፊትዎን ታጥበው በፎጣ ጫን ጫን ካደረጉ በኋላ፣ ቆዳው ገና እርጥብ ሳለ ክሬሙን ያስቀድሙ፤ ዘይቱ ይከተል። ሁለት ሦስት ጠብታ በመዳፍ አሙቆ መጫን ይበቃል።

ግሊሰሪን ግን ውኃ ሳቢ ነው። በበጋው ደረቅ አየር ሳይበርዙ ከተቀቡት ከአየሩ የሚስበው ሲያጣ ከራስዎ ቆዳ ይስባል። ጥቂት ውኃ ጠብ ያድርጉበት።

ዘይት ሁሉ አንድ አይደለም። የወይራ ዘይት ስሙ የገነነ ቢሆንም ኦሌይክ አሲድ ስለሚበዛበት የቆዳን መከላከያ ሽፋን ሊያሳሳ ይችላል። የሱፍ ዘይት በአብዛኛው ሊኖሌይክ አሲድ ስለሆነ ለቆዳ ይስማማል። ኑጋችንም በዚሁ አሲድ የበለጸገ ነው (ሽታውን የቻለ ይሞክረው!)።

በየቤቱ የማይጠፋው ቫዝሊንስ? የነዳጅ ዘመድ ነው። አሜሪካዊው ኬሚስት ሮበርት ቼዝብሮ በ1859 እ.ኤ.አ. ፔንሲልቬንያ ውስጥ ወደምትገኘው ቲተስቪል ሲሄድ፣ የነዳጅ ጉድጓድ ሠራተኞች ከመቆፈሪያው ዘንግ የሚጠርጉትን ሰም መሰል ዝቃጭ ቁስላቸውንና ቃጠሏቸውን ሲቀቡት አየ። አጣርቶ በ1872 የፈጠራ መብት አወጣበት። ውኃ እንዳይተን በመክደን ረገድ ውድ ከሆኑት የፊት ዘይቶች አብዛኞቹ አይደርሱበትም።